«እንደ ሌቦች ወፍራም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዴት ልተርጉመው?

አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለ፣ ስለ ሁለት እኅትማማቾች የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ከቆምኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፈሊጡ «ቲክ አዝ ቲቭስ» የሚል ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲመለስ «እንደ ሌቦች ወፍራም» የሚል ትርጉም የለሽ ሐረግ ይሆናል። «ቲክ» የሚለው ቃል ከውፍረት ሌላ የጠበቀ ቅርርብንም ያመለክት እንደነበር፣ ፈሊጡም በ19ኛው መቶ ዘመን በጽሑፍ ይሠራበት እንደነበር ደርሼበታለሁ፤ ስለዚህ መሠረታዊ ፍቺው ምስጢር የማይደባበቁ የልብ ወዳጆች ማለት መሆኑ አያከራክርም።

የቸገረኝ «ሌቦች» የሚለው ቃል የሚያጠላው ጥላ ነው። በታሪኩ ውስጥ እናትየው በሩን ስትከፍት ልጆቹ ሹክሹክታቸውን ድንገት ያቋርጣሉ፤ እሷም ፈገግ ብላ ይህን ፈሊጥ ትናገራለች። «የልብ ወዳጆች ናቸው» ብዬ ብተረጉመው ያ የተቋረጠ ሹክሹክታ ይጠፋብኛል፤ «እጅና ጓንት ናቸው» ብል ደግሞ፣ በእኔ ጆሮ፣ ለተንኮል የተባበሩ ያስመስላቸዋል፤ እነዚህ ልጆች ግን ምንም አላጠፉም። «ምስጢረኛሞች» የሚለው ይቀርባል፣ ነገር ግን የፈሊጥ ለዛ የለውም።

እንግሊዝኛን በየዕለቱ የምትሠሩበት ወገኖቼ፣ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ፈሊጥ ስለ ሁለት ጓደኛሞች ከልብ በሚደረግ የምስጋና ንግግር ውስጥ ቢገባ ሰሚውን ቅር ያሰኛል ወይ? ፍቅሩንም ሹክሹክታውንም አንድ ላይ የሚይዝ የአማርኛ አነጋገርስ ታውቃላችሁ?