እናቴን ኢስታንቡል ሐማም ላስገባት አስቤ ነበር፤ እስቲ ምከሩኝ

ሰብለ፣ ፍራንክፈርት

ሰላም እህት ወንድሞች። እናቴን በጥቅምት ለሦስት ወር ላመጣት ነው። የሸንገን ቪዛዋ ወጥቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። 68 ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን አውሮፕላን መቀየር ስለማትችል አዲስ አበባ ሄጄ ይዣት እመጣለሁ። ረከስ ያለው ትኬት የቱርክ አየር መንገድ ሆነና ኢስታንቡል ላይ 19 ሰዓት እንቆያለን።

እናቴ ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ቆይታለች። ድሮ ስትችል በየአሥራ አምስት ቀኑ ፍልውሃ ትሄድ ነበር። አምስት ልጅ ስታሳድግ ለራሷ ብላ የምታደርገው ነገር ያ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷ ወዝቶ የተመለሰች ቀን አትቆጣንም። ይህን እያሰብኩ ነው የቱርክ ሐማም፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ላስገባት የተነሳሁት። ኢስታንቡልን በቃና ቴሌቪዥን ድራማዎች ታውቃታለች፤ በስልክ ሁልጊዜ ስለ ባሕሩ ትጠይቀኛለች።

ግን ጭንቀቱ በዛብኝ። የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ከኤርፖርት መውጣት ትችላለች ወይ? ፍልውሃ በር ዘግታ ነው የምትታጠበው፤ ባዕድ ፊት ልብሷን አውልቃ አታውቅም፣ ማተቧንም አትፈታም። የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። ሹሩባ ተሠርታ ነው የምትመጣው። በዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜ ዋጋውን ሲሰማ «ለገላ መታጠቢያ? እኔ እኮ በዚያ ብር የቤት ኪራይ እከፍልበት ነበር» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ደስታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥፋት ያንቀኛል።

ጋሽ ኃይሉ፣ ሃምቡርግ

ልጄ ሰብለ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። አንቺ የጀርመን ፓስፖርት ከያዝሽ ቱርክ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ይፈቀድልሻል። እናትሽ ግን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ከኤርፖርቱ መተላለፊያ ካልወጡ ማንም አይጠይቃቸውም፤ የፓስፖርት መስኮቱን ካለፉ ግን ቱርክ ገቡ ማለት ነው። የቱርክ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ አለው፣ መጨረሻው ጎቭ ነጥብ ቲአር የሚለው ብቻ ነው እውነተኛው። እሱን የሚመስሉ ብዙ ገጾች አሉ፤ እጥፍ ያስከፍላሉ። የፓስፖርቱን ዓይነትና የሸንገኑን ቪዛ ስታስገቢ ለእርሳቸው ይፈቀድ አይፈቀድ እዚያው ይነግርሻል። ካልፈቀደ አዲስ አበባ ያለው የቱርክ ኤምባሲ ነው መፍትሔው፤ ለዚህ ደግሞ አሁኑኑ መጀመር አለብሽ።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። የሸንገን ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ጀርመን ከገቡ በኋላ ተቃጥሏል፤ ለቱርኩ ቪዛ ማስረጃ ላይሆናቸው ይችላል። ስለዚህ ኢስታንቡል መውጣት ካሰባችሁ ስትመጡ እንጂ እርሳቸው ሲመለሱ አይሁን። ሌላው ኢንሹራንሱ ነው። ለቪዛው የገዛሽው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ ኢንሹራንስ ለሸንገን አገሮች ነው፤ ቱርክ ሸንገን አይደለችም። ሐማም ውስጥ ተንሸራትተው ቢወድቁ የሆስፒታሉ ሂሳብ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። ውሉን አውጥተሽ አንብቢው። እኔ ለእህቴ ፈርሜ ሳላነብ የከፈልኩትን አስታውሼ ነው የምነግርሽ።

ወሎዬዋ፣ ኢስታንቡል

ሰብልዬ፣ ስለ ቪዛው ጋሼ ብለውታል። ስለ ሐማሙ ልንገርሽ፣ እዚህ ስኖር 9 ዓመቴ ነው።

ወንድና ሴት አይቀላቀልም፤ ወይ ክፍሉ ለየብቻ ነው፣ ወይ ሰዓቱ። ካራኮይ አጠገብ ቶፕሃኔ የሚገኘው ክልች አሊ ፓሻ ሐማም ጠዋትና ቀን ለሴቶች ነው፤ ወንዶች ከዚያ በኋላ ማታ ይገባሉ። ሱሌይማኒዬ አጠገብ ያለው ግን ባልና ሚስት አብረው የሚገቡበት ነውና እናትሽን እዚያ እንዳትወስጃቸው። ሴቶቹ ዘንድ የምታጥበዋ ሴት ናት፣ ናትር ይሏታል። ሲገቡ ፔሽተማል የሚባል ቀጭን ጨርቅ ይሰጣቸዋል፣ እንደ ሽርጥ ያገለድሙታል። የውስጥ ሱሪ አይወልቅም፤ ከፈለጉ የዋና ልብስ ለብሰው መግባት ይችላሉ፣ ማንም አይናገራቸውም። እኛ ሙስሊሞቹም ከእምብርት እስከ ጉልበት እንሸፍናለን። ማተቡ ክር ከሆነ ችግር የለውም፤ የብረት መስቀል ካለበት ግን ሙቀቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሱን ብቻ ለብቻው አስቀምጪላቸው።

ውስጡ እንዲህ ነው። ልብስ የሚወልቅበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ ከዚያ ሙቁ። ሙቁ ክፍል መሐል ትልቅ የእብነ በረድ መደብ አለ፣ ጎቤክታሽ ይሉታል፣ የእምብርት ድንጋይ ማለት ነው። እሳቱ ከሥር ነው፣ ከወለሉ በታች ጢሱና ሙቀቱ እንዲዞር ተደርጎ ነው የተሠራው። እዚያ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ጋደም ይባላል። ጣሪያው ጉልላት ነው፤ ትንንሽ ክብ መስታወት በየቦታው ተሰክቶበታል፣ የዝሆን ዓይን ይሉታል። ብርሃኑ በእንፋሎቱ መሐል ሲወርድ ቤተ ክርስቲያን ጠዋት ከዕጣን ጋር የሚታየውን ይመስላል፣ ጎረቤቴ የነበረች የጎንደር ልጅ ናት እንዲህ ያለችኝ። ገንዳ የለም። የቆመ ውሃ ንጹህ አይደለም ይላሉ፤ ከግድግዳው ሥር ካለው የድንጋይ ሳፋ፣ ከኩርናው፣ በጣሳ እየቀዱ ያፈሱብሻል። ከዚያ ኬሴ በሚባል ሻካራ ጓንት ያለ ሳሙና ይፈትጓቸዋል። «ያቫሽ» በያት፣ ቀስ ማለት ነው። ለጉልበታቸው የሚበጀው ድንጋዩ ላይ መተኛቱ ነው፣ መፈተጉ አይደለም።

ክልች አሊ ፓሻ ሐማም ከተሠራ 400 ዓመት ያለፈው ነው፤ ያሠራው የጦር መርከቦች አዛዥ ነው፣ የሠራው ሚማር ሲናን። ዋጋው ግን የቱሪስት ነው፣ እንዲህ ያሉት ታሪካዊዎቹ ለአንድ ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ። እኛ የምንሄደው የሰፈር ሐማም ከዚያ በእጅጉ ይረክሳል፣ ሙቀቱ ያው ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የገባሁ ቀን አለቀስኩ። ወሎ እናቴ ወይባ ስትሞቅ ትዝ አለኝ። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ተጠቅልላ፣ እኔ ላቧን በጨርቅ ስጠርግላት። ላብ ሲወርደኝ አጠገቤ የነበረች የቱርክ አሮጊት እንባዬን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ በጣሳ ውሃ አፈሰሰችብኝ። ኢካሜቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ስላልታደሰ አገሬ ሄጄ አልመጣሁም። እናቴን በቪዲዮ ብቻ ነው የማያት።

ሂሩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰብለ እህቴ፣ እኔ ባለፈው ዓመት ወደ አገር ቤት ስሄድ ገብቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። እናቴን አላስገባም። ያጠበችኝ ሴት ኬሴውን አሸችና ከክንዴ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ነገር በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ። አሳየችኝና ሳቀች። አጠገቤ የነበሩት አውሮፓውያን ዞረው አዩኝ። በየቀኑ ገላዬን የምታጠብ ሰው ነኝ! ቆዳዬ ጠቁሮ ያልለቀቀ እድፍ መሰላት እንዴ ብዬ ጉሮሮዬ ተዘጋ። በ68 ዓመቷ እናትሽ ይህ እንዲደርስባት ትፈልጊያለሽ?

ወሎዬዋ፣ ኢስታንቡል

ሂሩትዬ፣ ያሳዝናል፣ እንደዚያ ሊሰማሽ አይገባም ነበር። ግን ለሁሉም ያሳያሉ። ለነጩም ለቱርኩም። የሞተ ቆዳ ነው፣ እድፍ አይደለም፤ ከማንም ላይ ይወጣል። ለእነሱ «ሥራዬን በደንብ ሠራሁልሽ» ማለት ነው፤ ብዙ ካልወጣ ነው የምታዝነው። እኔም ካንቺ ቀድሜ ተቀይሜ ነበር፣ አሰሪዬ ናት ያስረዳችኝ።

ሂሩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ላንቺ ቋንቋውን ስለምታውቂ ተነገረሽ። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ሳቋን ነው። ለእንግዳ አስቀድሞ መንገር የእነሱ ፈንታ ነበር።

አቪቫ፣ ነታንያ

ነርስ ነኝ። ስለ ግፊቱ ማንም አልመለሰላትም። ሐማም እንደ ፊንላንድ ሳውና 80 ዲግሪ አይደርስም፣ ከዚያ በግማሽ ገደማ ነው፤ ግን እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ሰውነት ላቡን በቀላሉ አያደርቅም። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። ክኒኑ ደግሞ አውርዶታል። ሁለቱ ሲደመሩ ከድንጋዩ ላይ ድንገት ብድግ ሲሉ ማዞር ይመጣል፣ አረጋውያን የሚወድቁት ያኔ ነው። የሚወስዱት ክኒን ውሃ የሚያሸና ዓይነት ከሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ5 ሰዓት በረራ በኋላ እግር ያብጣል፣ ውሃም ይጎድላል፤ በቀጥታ ከአውሮፕላን ወደ ሐማም አትውሰጃቸው። ተኝተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ብቻ። ከሁሉ በፊት ሐኪማቸው እሺ ይበል። የክኒኑን ስም ብትጽፊልኝ ጥሩ ነበር።

ዳዊት፣ ስቶክሆልም

ቅር አይበላችሁና ሁላችሁም የዘለላችሁትን ልናገር። ወንድሟ ልክ ነው። ለሁለት ሰው ከ100 ዩሮ በላይ ለገላ መታጠቢያ! ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አገር ቤት ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር የምናውቅ ነን። እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ለአባቴ ኩላሊት እልካለሁ። ልብሴን ከሁለተኛ እጅ ሱቅ ነው የምገዛው። ስደት የመጣነው ለዚህ ነው። ፍልውሃ እዚያው አዲስ አበባ አለ፣ ከምድር የፈለቀ ነው፣ እቴጌ ጣይቱ የወደዱት ውሃ ነው። እናትን ከፍልውሃ አገር አምጥቶ ቱርክ ማጠብ ምን ይሉታል?

ፋንታዬ፣ ቤይሩት

ወንድሜ ዳዊት፣ ለአባትህ እግዚአብሔር ምሕረት ይስጥልህ። ግን ለወንድሟ አትፍረድለት። እኔ ሰው ቤት ሠርቼ 11 ዓመት ላክሁ። ለኪራይ ብለው፣ ለባጃጅ ብለው፣ ለሠርግ ብለው። እናቴ አንድ ቀን ጫማ ግዙልኝ አላለችም፣ እኔም ለእሷ ተብሎ የላክሁት ለእሷ ይደርስ እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ስትሞት ሳጥኗ ውስጥ ያገኙት ከላክሁት ውስጥ አንድ ያልተለበሰ ሹራብ ነው። ሰብለ የምታወጣው ለሐማም አይደለም፣ ለእናቷ ነው። ለእናት ሲሆን ለምንድነው የሁሉም ሰው ዓይን የሚቀላው?

ዳዊት፣ ስቶክሆልም

እህቴ፣ ዓይኔ አልቀላም። ኪራይ ያጣ ሰው እንደ ሌባ ሲቆጠር ግን ዝም አልልም። የወንድሟን ኑሮ አናውቅም።

ፋንታዬ፣ ቤይሩት

የእናቷንም አናውቅም። ግን ጉልበቷ እንደሚያማት ተነግሮናል።

ጋሽ ኃይሉ፣ ሃምቡርግ

ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። ዳዊት፣ የላክኸው ሁሉ ይባረክልህ፤ እኔም በአንተ ዕድሜ እንዳንተ ነበር የማስበው። እናቴን ላመጣት 14 ዓመት «ሲመቸኝ» አልኩ። መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ፣ መጀመሪያ የእህት ልጅ ትምህርት ይጨርስ። ሲመቸኝ እሷ ጉዞ አትችልም ነበር። ሰብለ፣ ኢንሹራንሱን ግን አሁንም አንብቢው።

ወሎዬዋ፣ ኢስታንቡል

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ካሉት ታላላቅ ሐማሞች ብዙዎቹ ወቅፍ ነበሩ፣ ገቢያቸው ለበጎ ሥራ የተሰጠ ማለት ነው። በ1584 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቼምበርሊታሽ ሐማም የሱልጣኑ እናት የኑርባኑ ነው፤ ገቢው ኡስኩዳር ላሠራችው መስጊድና ለድሃ ምግብ ማብሰያው ነበር የሚሄደው። ገላ መታጠብና ድሃ መርዳት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ መኖር ይችላል፤ ዳዊትም ፋንታዬም እኮ የሚሉት ስለ እናት አባት ነው።

ዳዊት፣ ስቶክሆልም

ያቺ ሱልጣን ናት እኅቴ፣ የኛ ደሞዝ የሰዓት ነው።

ሰብለ፣ ፍራንክፈርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዳዊት አንተንም። ለወንድሜ ደውዬ ተነጋግረናል፣ ሁለታችንም አለቀስን፤ የሚቀጥለው ወር ኪራዩን ግማሹን እልካለሁ አልኩት፣ ያኮረፈው ግን አልቀረም። የኤሌክትሮኒክ ቪዛውን ገጽ ሞክሬ አንዱ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሰኞ አዲስ አበባ ኤምባሲው ጋ እህቴ ትጠይቅልኛለች። አቪቫዬ፣ የክኒኑን ስም ለብቻሽ እልክልሻለሁ።

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጅ ሆነሽ ፍልውሃ አዝዬሽ ስወስድሽ የማን እጅ ነው ያጠበሽ?» አለችኝ። «ያንቺ» አልኳት። «እንግዲያው እኔን ደግሞ ያንቺ እጅ ይጠበኝ፤ ሌላ ሰው አይንካኝ» አለች። ወሎዬዋ፣ ናትር ሳትኖር እኛው ራሳችን መታጠብ ይፈቀዳል ወይ?

ወሎዬዋ፣ ኢስታንቡል

ይፈቀዳል፤ የሰፈሩ ሐማም ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚታጠበው። መግቢያውን ብቻ ትከፍያለሽ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ኬሴውን ከገበያ ገዝቼ እጠብቃችኋለሁ። ከኤርፖርት በሜትሮ ጋይሬቴፔ ድረስ ኑ፣ እዚያ እቀበላችኋለሁ። ቪዛው እንዳለቀ ጻፊልኝ። መርካቶ የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ጥቂት ወይባ እናትሽ ሻንጣ ውስጥ አድርጊልኝ፤ እዚህ ጢሱን የምሞቅበት ባይኖርም ሽታውን ልያዘው።

ሂሩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሹሩባውስ? እንፋሎቱ ያበላሸዋል እኮ። ኮፍያ ያዙላት።