የሚያዝያ ልጅ ምን በደለች?

እናት፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዛሬ ጠዋት ሽሮ እያማሰልኩ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አንድ እንግዳ «አኖሬክሲያ የሚባለው ምግብ እምቢ የማሰኘት ሕመም በጸደይ የተወለዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ የተወለደች ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ» አለ። በቃ፣ ወደ ዘፈን ተሻገሩ። ልጄ የሚያዝያ ናት፣ 13 ዓመቷ ነው። አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች ሰማችው። «እማ፣ እኔንም ይይዘኛል?» አለችኝ። ምን ልበላት? እንዲህ ተብሎ ይወራል?

የቢቸናው፦
እህቴ፣ ተረጋጊ። ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። ጤፍ በሚታፈስበት አገር እህል እምቢ የምትል ልጅ ካለች ጥጋብ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ሰውን በተወለደበት ወር መመደብስ ከኮከብ ቆጠራ በምን ይለያል?

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ጋሼ፣ ጥናቱስ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ ወጥቷል። የአራት ቦታ መረጃ ተደምሮ 1,293 ታማሚዎች ታይተዋል። ከማርች እስከ ጁን የተወለዱት ከሚጠበቀው በዝተው፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የተወለዱት ደግሞ አንሰው ተገኙ። ልዩነቱ ግን 15 በመቶ ገደማ ነው። ከ10,000 ሴቶች 100 ይታመማሉ ብንል፣ በእነዚያ ወራት ከተወለዱት 10,000 ውስጥ 115 ይሆናሉ እንደ ማለት ነው። ይሄ ለአንዲት ልጅ የሚነግራት ነገር የለም። እናቷም በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለባትም። «ጥጋብ» ያሉትን ግን ቢያነሡት ደስ ይለኛል።

መምህር፣ ዳንግላ፦
ጥናቱ የእንግሊዝን አየር ነው የሚያወራው። እዚያ በክረምታቸው ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ጉንፋኑም ያኔ ይበዛል። በኤፕሪል የምትወልድ እናት ከባዱን የእርግዝና ጊዜ በዚያ ውስጥ ነው የምታሳልፈው። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። ሚያዝያ የምትወልድ የጎጃም እናት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይ ሞቃ፣ እሸት በልታ፣ አዲስ እህል ጎተራ ሲገባ አይታ ነው የምትወልደው። መጨነቅ ካለብን ጥቅምትና ኅዳር ለሚወለዱት ነው። እናታቸው ሐምሌንና ነሐሴን በደመናና በጎደለ ጎተራ ነው የገፋችው። ሬዲዮው ወሩን አመጣ፣ አየሩን እዚያው ተወው።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
መምህር፣ ፀሐይ አለ ማለት ቫይታሚን ዲ አለ ማለት አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ ሕፃናት 42 በመቶው ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት ሕመም፣ ነበረባቸው። ፀሐይ በሞላበት አገር! ሕፃን ጠቅልለን ጓዳ እናስቀምጣለን። ወንዱን እስከ 40፣ ሴቷን እስከ 80 ቀን ውጭ አናሳይም።

የቢቸናው፦
ሲስተር፣ ክርስትናውን አትንኪ። ስለ ምግብ ጀምረሽ ቤተ ክርስቲያን ገባሽ።

ዲያቆን፣ ሞጣ፦
ጋሼ፣ አልነካችም። 40ና 80 የክርስትናው ቀን ነው። ልጁን በረንዳ ላይ ፀሐይ አታሙቁ የሚል ሥርዓት የለም። እናቴ ሁላችንንም ቅቤ ቀብታ በጠዋት ፀሐይ ታሞቀን ነበር። ደግሞ ኮከብ ቆጠራ ያሉት፣ የእኛ አገሩ በወር አይቆጠርም። በራስና በእናት ስም ፊደል ነው። ሳንደግፈውም ቢሆን ሳናጣራ አንናገር።

የቢቸናው፦
ስለ ኮከቡ ተቀብያለሁ። ስለ ጥጋቡ አልተቀበልኩም።

ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እኔ የታኅሣሥ ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ በፍልሰታ ጀመረኝ። ነሐሴ 16 ሁሉም ፈታ፣ እኔ አልፈታሁም። እናቴ ዶሮ ወጥ አጎረሰችኝ። ጉርሻ አይመለስም። በጉንጬ ይዤው ጓሮ ወጣሁና ለውሻው ጣልኩለት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያ ሆነ። የወር አበባዬ ቀረ። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤት «ጾመኛ ልጅ» እያለ መረቀኝ። አጎቴ «ጥጋብ ነው» አለ። አንድ ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተው ሸኙኝ። አሟታል ያለ ሰው የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጋሼ፣ ያንን ቃል ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

የቢቸናው፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርሽ። አንቺን አላልኩም። ግን በ77 ከወሎ የመጡትን አባቴ ደጃፋችን ላይ ሲያበላ ዓይቻለሁ። ሰው ለአንድ ቁራሽ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው እህል ሲጣል ሆዱ ይቃጠላል። ቃሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን እሷም የተንቀጠቀጠችው በረሃብ ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነት ከፊት የሚሰለፍ ሕመም ነው። «ጥጋብ» ስንለው ልጅቷ ትደብቀዋለች፣ እናትም ታፍራለች።

መምህር፣ ዳንግላ፦
ወደ ወሩ እንመለስ። ለእኛ አገር ማን ሊያጠናው ይችላል? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተመዘገቡት ገና ልጆች ናቸው። ለፈተና ስመዘግብ የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ የገጠር ተማሪ ጥቂት ነው። «ለጥምቀት ሰሞን ነው አሉ» ይለኛል፣ እኔ ጥር 11 ብዬ እሞላለሁ።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ታዲያ የጥቅምትና የኅዳር እናቶችን ለምን አስደነገጧቸው?

መምህር፣ ዳንግላ፦
«ካለብን» ነው ያልኩት።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ሬዲዮውም «ይበዛል» ነው ያለው። እናት የምትሰማው «ልጅሽ» የሚለውን ነው።

መምህር፣ ዳንግላ፦
ከባዶ አልተነሣሁም። በጋምቢያ ገጠር እህል በሚያጥርበት ወቅት የተወለዱ ሰዎች ካደጉ በኋላ ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። የመወለጃ ወቅት ሰውነት ላይ ምልክት ይተዋል።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እሱ ስለ ሞት ነው እንጂ ስለ አኖሬክሲያ አይደለም። አንዱን ለሌላው አናውስ።

እናት፣ ደብረ ማርቆስ፦
እናንተ በወር ትከራከራላችሁ፣ እኔ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ፍልሰታ ደርሷል። ልጄ ዘንድሮ ከጓደኞቿ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ እያለች ነው። የተማሪዋን ካነበብኩ በኋላ ፈራሁ። ልከልክላት?

ዲያቆን፣ ሞጣ፦
እመት፣ አይከልክሏት። ፍልሰታ የልጆች ደስታ ነው። አብረዋት ያስቀድሱ፣ አብረዋት ይፍቱ።

ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እናቴም አብራኝ ነበር የምትፈታው። ዓይንዎ ከጉንጯ ላይ ይሁን።

የቢቸናው፦
አሁን ደግሞ ልጅ ስትጎርስ ጉንጯን እንቁጠር?

ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
አዎ ጋሼ። የእኔን የቆጠረ ቢኖር ኖሮ ያ ዓመት ሳይታወቅልኝ አያልፍም ነበር።