በኦገስት ከአቴንስ ሳንቶሪኒ በሸራ ጀልባ፦ በአንድ ሳምንት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳሯ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀርመን፣ ኮንስታንስ ሐይቅ አጠገብ ነው። ባለቤቴ ሐይቁ ላይ ሸራ ጀልባ መንዳት ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው፤ የሐይቁ መንጃ ፈቃድም አለው። ዘንድሮ ግሪክ ጀልባ ተከራይተን ከደሴት ደሴት ልንዞር አስበናል። ከኦገስት 8 እስከ 15፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ። እኛ ሁለታችን፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣው እናቴ። ዕቅዱ ከአቴንስ ሚኮኖስ፣ ከዚያ ሳንቶሪኒ፣ ከዚያ መመለስ ነው።

ይሄ መንገድ ያዋጣል? የባለቤቴ ፈቃድ ይበቃል? እናቴ ዋና አትችልም፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ምን ትበላለች?

ፒሬየስ ነዋሪ

እህቴ፣ እዚህ ከ15 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ በእኛ ክረምት፣ በነሱ በጋ ማለት ነው፣ ጀልባ ላይ እሠራለሁ። በቀጥታ ልንገርሽ፦ ይሄን መንገድ ተዪው።

ምክንያቱ ሜልቴሚ ነው። በጁላይና በኦገስት ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም፣ ፎቶ ላይ ገነት ይመስላል። ባሕሩ ላይ ግን በነፋስ ጉልበት መለኪያው 6 እና 7 ቦፎርት ይነፍሳል፤ 7 ማለት ከ28 እስከ 33 ኖት፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንዴ ለቀናት አያባራም። ሚኮኖስ ደግሞ የነፋሱ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ርቀቱን አስቢ። ከአቴንስ ሳንቶሪኒ ከ100 ኖቲካል (የባሕር) ማይል በላይ ነው። የኪራይ ጀልባ በሰዓት 5 ወይም 6 ማይል ይሄዳል። ስትሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ደስ ይላል። ስትመለሱ ፊት ለፊት ይመጣባችኋል። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሳምንቱም ሳምንት አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት 11 ሰዓት ገደማ ትረከባላችሁ፣ ዓርብ ማታ ወደብ መመለስ አለባችሁ። ሳንቶሪኒ ብትደርሱም ገደሉ ስር መልህቅ መጣል አይቻልም፤ እዚያ ባሕሩ እስከ 400 ሜትር ገደማ ይጠልቃል።

በነገራችን ላይ ይሄን ነፋስ የጥንት ግሪኮች ከኛ ጋር አያይዘውት ነበር። ዓባይ በበጋቸው ለምን እንደሚሞላ ሲጠይቁ፣ አንዳንዶቹ «ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ውሃውን ወደ ኋላ እየገፋው ነው» ይሉ ነበር። ለካ የኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው።

ለልጆችና ለእናትሽ አቴንስ አጠገብ ያለው ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ይሻላል። አቴንስ ካለው የጀልባ ወደብ፣ ከአሊሞስ ማሪና፣ ኤጂና ደሴት 16 ማይል ገደማ ነው፤ ሦስት ሰዓት። ከዚያ ኤፒዳቭሮስ፣ ከዚያ ፖሮስ። ነፋሱ እዚያም አለ፣ ግን የባሕሩ ጉልበት ይሰበራል፤ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ መጠለያ ታገኛላችሁ።

ሃምቡርግ ሸራ

ስለ ፈቃዱ፦ የሐይቁ ፈቃድ ለባሕር አይሆንም፣ አይበቃም። ጀርመን ውስጥ ቢያንስ ሽፖርትቦትፉረርሻይን ዜ የሚባለው የባሕር መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እሱም በዋናነት የሞተር ፈተና ስለሆነ፣ ሸራን የሚጨምረው ኤስ ካ ኤስ የሚባለው ፈቃድ ቢኖረው ይመረጣል። ግሪክ ደግሞ ከካፒቴኑ ሌላ ጀልባ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋሉ። አንቺ ታውቂያለሽ? ቅድሚያ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የፈቃዱን ቅጂ ላኩና «ይበቃል» የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሌላም አለ። ግሪክ ወደብ ላይ ጀልባ ብዙ ጊዜ በጎኑ አይቆምም። መልህቅ ከፊት ትጥላለህ፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ ወደ ግንቡ ትጠጋለህ። የጎን ነፋስ ካለ፣ ሃያ ሰው ቡና እየጠጣ እያየህ ካለ፣ ላብ በላብ ትሆናለህ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የጎረቤትን መልህቅ ከነሰንሰለቱ አወጣሁት። ሰውየው ግሪክኛ የተናገረኝን ሳይተረጎም ገባኝ።

ካፒቴን ቅጠሩ። እኛን በቀን 200 ዩሮ ገደማ አስከፍለውናል፣ ምግቡ በኛ። አንድ አልጋ እንደሚወስድ ግን አትርሱ፤ ለስድስት ሰው የሚሆን ጀልባ ፈልጉ።

ነፋስ ወዳጅ

ሁሉም ፈሪ ሆኗል እንዴ? እኔ በሜልቴሚ ፓሮስና ናክሶስ ዞሬያለሁ፣ እንደዚያ ዓይነት ሸራ በሕይወቴ አላየሁም። ግን አራት ጎልማሶች ነበርን፣ ሁለት ቀን ወደብ ታግተን ካርታ ስንጫወት ውለናል። ከልጅና ከእናት ጋር አልሞክረውም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ብትሄዱ ሌላ ወሬ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን አይጠብቅም።

የቡና ሱስ

ስለ እናትሽ ልመልስ፣ እኔም አማቴን ይዤ ሄጃለሁና።

ጾሙ ጭንቀት አይሁንባቸው። ግሪኮችም እስከ ኦገስት 14 የእመቤታችንን ጾም ስለሚጾሙ «ኒስቲሲሞ» ስትዪ ይገባቸዋል፣ የጾም ማለት ነው። ፋቫ አለ፤ የኛ ክክ በሉት። ጊጋንዴስ አለ፤ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ። ሆርታ ማለት ተቀቅሎ ሎሚና ዘይት የሚፈስበት ጎመን ነገር ነው። ግን ተጠንቀቂ፦ ለነሱ ኦክቶፐስም የጾም ነው። አማቴ ሳህኑ ላይ ስታየው አማተበች።

የሕይወት ጃኬት በልጆቹ ክብደት ቀድማችሁ እዘዙ። እናትሽም ጀልባው ሲሄድ ይልበሱ። ሆዳቸው ከተረበሸ ታች ክፍል አይውረዱ፤ ውጭ ተቀምጠው ሩቅ ይዩ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳታችሁ በፊት ነው የሚወሰደው፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀት እንዳይጥሉ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው። ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ከተደፈነ የሚከፍተው ባልሽ ነው።

የሐይቅ ዳሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ትንሽ አኩርፏል፣ ግን ካፒቴን እንቀጥራለን፣ ሳሮኒክ ሆኗል። ሃይድራ ማደር ይቻላል? አንድ ጓደኛችን ደግሞ «ኮስ ሂዱ፣ ቱርክንም ታያላችሁ» አለን። እናቴ ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው።

ፒሬየስ ነዋሪ

ቱርክ በፍጹም! ከሸንገን ወጡ ማለት ነው፣ በዚያ ቪዛ መመለስ አይችሉም። የሁላችሁም ፓስፖርት ቁጥር የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ስለሚገባ ዋናው ፓስፖርት አብሯችሁ ይሁን።

ሃይድራ ቆንጆ ናት፣ መኪና የለባትም፣ ሻንጣ በበቅሎና በአህያ ነው። ወደቧ ግን ጠባብ ናት፣ በኦገስት ከቀትር በፊት ትሞላለች። ፊት ለፊቷ ኤርሚዮኒ እደሩና በመርከብ ተሻግራችሁ እዩዋት። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ስልክ 108 ነው፣ ሬዲዮው ቻናል 16።

ሃምቡርግ ሸራ

ስትረከቡ ሁሉንም በቪዲዮ ቅረጹ፤ ከመልህቅ ወደ ዳር የምትወስዳችሁን የትንሿን ጀልባ ሞተር ጭምር። አንድ አከራይ፣ ስሙን ልተወው፣ ድሮ ለተቆለመመ ፕሮፔለር ከመያዣችን ላይ ቆርጦብናል። ማስረጃ አልነበረንም።

የሐይቅ ዳሯ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ የኔ አይደለም፣ የእናቴ ነው። ጀበና ትያዝ ወይ?

የቡና ሱስ

ትያዝ እንጂ! የጋዝ ምድጃ አለ፤ መልህቅ ከተጣለ በኋላ ይፈላል። ከሰልና ዕጣን ግን ጀልባ ላይ አይሆንም። ዳር ወርዳችሁም እንዳታነዱ፤ በበጋ ግሪክ ውስጥ ውጭ እሳት ማንደድ ያስቀጣል።