«ስተርኖክላይዶማስቶይድ» የሚለው ቃል ሲነበብ የት የት ላይ ነው የሚቆረጠው?

የሆጤዋ፦
ሰላም ወገን። ደሴ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው፣ ሐሙስ የአናቶሚ የቃል ፈተና አለብን። አንገት ላይ ያለችው ስተርኖ ምናምን የምትባለዋ ጡንቻ ምላሴን አስራዋለች። መሃሏን አንዱ «ክሊዶ» ይላል፣ ሌላው «ክሌዶ»፣ እኔ ደግሞ እዛ ሳልደርስ ትንፋሼ ያልቅና ማስቶይዱን እውጠዋለሁ። እንዴት ነው የምትከፈለው? ጫን የሚባለውስ የቱ ላይ ነው?

ጦሳ ግርጌ፦
አብሽሪ እህቴ። ስድስት ክፍለ ቃል ናት፤ ስተር-ኖ-ክላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ። በእንግሊዝኛው «ክላይ» ነው የሚባለው። ጫን የምትይው «ማስ» ላይ ነው፣ ኖ እና ዶን ቶሎ እለፊያቸው። መጨረሻውን የምትውጪ ከሆነ ከኋላ ጀምረሽ ተለማመጂ፤ ማስቶይድ፣ ክላይዶማስቶይድ፣ ከዚያ ሙሉውን።

አቦል፦
ልክ ነው፣ ግን በፊደላችን ጽፈሽ እያጠናሽ እንዳይሆን? ሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑረው አይኑረው አይነግርሽም። መጀመሪያ ላይ ያለችውን ስ፣ ክ እና ድን ለየብቻ ካነበብሻቸው ስድስቱ ዘጠኝ ይሆኑልሻል፣ ትንፋሽ ቢያልቅብሽ ምን ይገርማል! «እስተርኖ» ብትዪ ግን አትጨነቂ። ስፖርትንም እስፖርት ነው የምንለው፣ በሁለት ተነባቢ መጀመር ለአማርኛ አፍ አይመችም።

የማታ ተረኛ፦
እናንተ ደግሞ ጡንቻዋን ረሳችኋት። ስሟ መንገዷን ነው የሚናገረው። ስተርኖ የደረት አጥንት፣ ክላይዶ ክላቪክል (ከአንገት ሥር ያለው አግድም አጥንት)፣ ማስቶይድ ከጆሮ ጀርባ ጉብ ያለው አጥንት። መስታወት ፊት ቁሚና ፊትሽን ወደ ቀኝ አዙሪ። በግራ በኩል እንደ ገመድ የምትወጣው እሷ ናት። ጣትሽን ከታች ወደ ጆሮሽ እየሳብሽ ጥሪያት፣ ማስቶይዱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ጫን አድርጊው። ነርቯንም ያዢ፣ 11ኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ አክሰሰሪ። ከስሟ ቀጥሎ ያንን ነው የሚጠይቁሽ።

የሆጤዋ፦
ኑሩልኝ! ግን አጥንቱ ክላቪክል ከሆነ ለምን ክላቪዶ አላሏትም?

የማታ ተረኛ፦
ክላይዶ ከግሪክ፣ ክላቪክል ከላቲን ስለመጣ ነው፣ ሥራቸው ሁለቱም ቁልፍ ማለት ነው። ዋርድ ስትገቢ ሁሉም «ኤስሲኤም» ብሎ ይገላገላል። ሐሙስ ግን ሙሉውን ጥሪ።