ለአዲስ አኳሪየም በዚያው ቀን ዓሣ መሸጥ ይከልከል?

የክርክሩ መነሻ፦ ብዙ ሰው አኳሪየሙን (ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን የዓሣ ገንዳ)፣ ተክሉንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ዓሣው መሞት ይጀምራል። ሻጭ ለአዲስ ገንዳ ዓሣ እንዳይሸጥ ይከልከል ወይስ ኃላፊነቱ የገዢው ነው? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ።

ውሃ ወዳድ፦ ይከልከል! አዲስ ገንዳ ውሃው ስለጠራ ብቻ ጤነኛ ይመስላል። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል፣ ለራሱም መርዝ የሆነ ቆሻሻ ያወጣል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ገና የሉም። በብዛት የሚሰፍሩት በፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ ነው፤ እስኪበቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ዓሣው ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ማየት ያማል። ይሄ የግል ምርጫ አይባልም።

ተክል አፍቃሪ፦ እኔ አልስማማም። ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ተክል ስለሌለው ገንዳ ነው። ቶሎ የሚያድጉና የሚንሳፈፉ ተክሎች ጥቅጥቅ ብለው ከገቡ አሞኒያውን ራሳቸው ይወስዱታል። ጥቂት ትናንሽ ዓሣ ማስገባት ይቻላል። ለሚያውቅም ለማያውቅም አንድ ሕግ ልክ አይደለም።

ውሃ ወዳድ፦ እህቴ፣ የሚያድግ ተክል ከሆነ እውነትሽን ነው። ግን ለሽያጭ የሚቀርበው ተክል ብዙ ጊዜ ከውሃ ውጭ ያደገ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ የድሮ ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውም መልሶ አሞኒያ ይሆናል። በማዳበሪያ የበለፀገው የአኳሪየም አፈር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ አሞኒያ ይለቃል። ዓሣው ደርሶ የሚገባው እዚህ መሀል ነው።

ሻጭ ነኝ፦ ክልከላው በተግባር አይሠራም። ገዢው «ገንዳዬ የቆየ ነው» ካለኝ በምን አውቃለሁ? የውሃ ናሙና ያምጣና እንመርምር። አሞኒያና ናይትራይት 0 ከሆነ እሸጣለሁ። ከጤነኛ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ብሰጠው ደግሞ ጊዜው በጣም ያጥርለታል።

ተክል አፍቃሪ፦ የስፖንጁ ነገር ግሩም ነው። ናሙናው ግን ያታልላል። ዛሬ የተሞላ ገንዳም እኮ 0 ያሳያል! አሞኒያ የሚጨምርበት ነገር ስለሌለ ነው። «ናይትሬት ካለ ባክቴሪያው አለ» ብለህ እንዳትል፣ እሱንም ተክሉ ይበላዋል።

ውሃ ወዳድ፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። እንግዲያው መለኪያው ሌላ ይሁን። ዓሣ ሳይገባ ንጹሕ አሞኒያ በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም ይጨመር። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ከገባ ገንዳው ደርሷል። ሻጩ ይህንን ይጠይቅ።

ሻጭ ነኝ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ለጀማሪ ማን ያስረዳዋል? ክሎሪን ያለበትን ውሃ ክሎሪኑን ሳያስወግድ ስፖንጁን ቢያጥብበት ባክቴሪያውን ይፈጃል። ገንዳ ስሸጥ ይህንን እኔው ላስረዳ፤ ግዴታ የሚሆነው ይሄ ይሁን።

ተክል አፍቃሪ፦ በዚህ እስማማለሁ። ቀን ቆጥሮ መከልከሉን ግን አሁንም እቃወማለሁ። 6 ሳምንት ባዶውን የቆመ ገንዳ አሞኒያ ካላገኘ እነዚህን ባክቴሪያዎች አያሳድግም።