«ተካፈለ» እና «ተሳተፈ»፦ የትኛው የት ይገባል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንዱ ማስታወቂያ «ሥልጠናውን የሚካፈሉ» ይላል፤ ሌላው «በሥልጠናው የሚሳተፉ»። የሠርግ ጥሪ ግን «የደስታችን ተካፋይ» እንጂ «ተሳታፊ» አይልም። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? «ሐሳባችሁን ተካፈሉን» የሚለውስ ያስኬዳል?

ሥርወ ቃል፦ «ተካፈለ» የመጣው ከ«ከፈለ» ነው። «ተከፈለ» ተደራጊ ነው፦ ደመወዙ ተከፈለ፣ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። «ከ» ወደ «ካ» ስትዞር ግሱ የእርስ በርስ ይሆናል፤ ተገደለ እና ተጋደለ፣ ተመታ እና ተማታ እንደሚባለው። ስለዚህ በ«ተካፈለ» ውስጥ ሁልጊዜ ድርሻ አለ። «ተሳተፈ» የግዕዙ «ሱታፌ» ወገን ነው፤ በአማርኛ «ሰተፈ» የሚባል መነሻ የለውም፣ ኅብረትን እንጂ መቁረስን አያሳይም።

መፈተኛው ቅርጫ ነው። ቅርጫ የገቡ ሰዎች ሥጋውን ይካፈላሉ፤ «ሥጋውን ተሳተፉ» ግን አማርኛ አይደለም። ሯጭ ደግሞ በማራቶን ይሳተፋል፣ ምክንያቱም የሚቆረስ ነገር የለም። ደስታና ሐዘን ለመጣው ሁሉ ድርሻቸው ይደርሳልና ተካፋይ እንጂ ተሳታፊ የላቸውም።

ስብሰባና ሥልጠና ሁለቱንም ይቀበላሉ። አገባቡ ግን ይለያያል፦ «ስብሰባውን ተካፈለ» ይባላል፣ «በስብሰባው ተሳተፈ» ይባላል። «ስብሰባውን ተሳተፈ» ስሕተት ነው።

አራሚ፦ «ሐሳባችሁን ተካፈሉን» አያስኬድም፤ «አካፍሉን» በሉ። ሰጪው ያካፍላል፣ ተቀባዩ ይካፈላል። «ልምዳቸውን አካፈሉ» ከተባለ ባለልምዶቹ ሰጡ ማለት ነው፤ «ልምድ ተካፈሉ» ከተባለ ተቀበሉ ወይም ተለዋወጡ። በዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደነበረ ይጠፋል፤ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

የጥሪ ካርድ የምታሳትሙ ሰዎች ደግሞ «ተካፋይ» እና «ተከፋይ»ን ለዩ። «ተከፋይ ሂሳብ» ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ «የደስታችን ተከፋይ» ብሎ የታተመ ካርድ እንግዳውን የገንዘብ ጉዳይ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አይይዘውም። ከማሳተማችሁ በፊት ካርዱን በዓይናችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት።

የሒሳብ መምህር፦ በሒሳብ ትምህርት ቃሉ ጥብቅ ቦታ አለው። 13 ለ4 ሲካፈል 13 ተካፋይ፣ 4 አካፋይ፣ 3 ድርሻ፣ 1 ቀሪ ይባላል። ተማሪዎች ተካፋይና አካፋይን ያለዋውጣሉ፤ «ለ» የያዘው ቁጥር አካፋይ መሆኑን ካወቁ አይሳሳቱም። ማረጋገጫው 4 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 1 ነው፤ 13 ካልመጣ አንዱ ቦታ ተሳስቷል። «አከፋፋይ» ግን ዕቃ ለቸርቻሪ የሚያደርሰው ነጋዴ ነው፤ ከአካፋይ ጋር አይገናኝም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። «ተከፋፈሉ» ሲባልስ?

ሥርወ ቃል፦ ተሳቢ ካለው እያንዳንዱ የየራሱን ወሰደ ማለት ነው፦ «ሥራውን ተከፋፈሉ»። ተሳቢ ከሌለው ግን መለያየት ነው፦ «አባላቱ ተከፋፈሉ»። ሥራ ስለመመደብ የምትጽፍ ከሆነ «ሥራውን» የሚለውን ቃል አትዝለል፤ ካነሣኸው አንባቢው ጠብ ተፈጠረ ብሎ ይረዳል።