በውጭ አገር የጠላቂነት ካርድ ኤላት (እስራኤል) ላይ ስኩባ፦ ቢቱዋህ (ኢንሹራንስ)፣ ሪዕኑን (ማደሻ ጥልቂያ) እና የ13 ዓመት ልጅ

ዘአሽዶድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛንዚባር ላይ የወጣ የፓዲ (የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) ኦፕን ወተር፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ የጠላቂነት ካርድ አለኝ። ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅኩት ደግሞ ከ14 ወር በፊት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሆነን ኤላት እንወርዳለን፦ እኔ፣ የ13 ዓመት የእህቴ ልጅ እና ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ የአጎቴ ልጅ። ሁለቱ ካርድ የላቸውም። የአጎቴ ልጅ በልጅነቱ አስም ነበረበት፤ አሁን መድኃኒት አይወስድም።

የአየር ጠርሙስ ተከራይቼ ያለ ማድሪክ (አሠልጣኝ መሪ) መጥለቅ እችላለሁ? የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ሽፋን ይበቃል ወይስ ሌላ ቢቱዋህ ያስፈልጋል? ሁለቱንስ ይዤ መግባት እችላለሁ? ዕቅዳችን እሑድ ጠዋት መጥለቅ ነው፤ የአጎቴ ልጅ አውሮፕላን የዚያኑ ቀን ሌሊት 5፡50 ከቤን ጉሪዮን ይነሳል።

ዘኤላት

ካርድሽ እዚህም ይሠራል፤ በራሱ ጊዜ አያልፍበትም። ነገር ግን ካርድ ብቻውን አያስገባሽም። እስራኤል ውስጥ የመዝናኛ ስኩባ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ ነው፤ ብዙ አገር የጥልቂያ ክለቡ ደንብ የሆነው ነገር እዚህ ሕግ ነው። የክለቡ ባንኮኒ ላይ ካርድ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ሎግቡክ (የጥልቂያ መዝገብ)፣ በሥራ ላይ ያለ የመጥለቅ ቢቱዋህ እና የተሞላ የጤና ቅጽ ይጠይቁሻል።

አንቺን የሚይዝሽ 14 ወሩ ነው። ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ያልጠለቀ ሰው መጀመሪያ ከማድሪክ ጋር የሪዕኑን ጥልቂያ ማድረግ አለበት። ማድሪኩ የሚያይሽ ማስክ ውስጥ የገባ ውኃ ማስወጣት፣ ከአፍ የወጣ ሬጉሌተር (መተንፈሻ) ፈልጎ መመለስ፣ ከጓደኛ ጠርሙስ መተንፈስ እና ውኃ መሃል ሳይወርዱ ሳይወጡ መቆየት ነው። ሰው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ክብደቱን በግምት ይጭናል። የቀይ ባሕር ውኃ ከብዙ ባሕር ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ቦታ የለመድሽው የእርሳስ ክብደት እዚህ ሊያንስሽ ይችላል። ሳንባሽ መጠነኛ አየር ይዞ፣ በአየር የሚነፋው ጃኬት ባዶ ሆኖ፣ ውኃው ዓይንሽ ላይ ሲደርስ መርጋት አለብሽ። ከዚያ ጠርሙሱ እየጎደለ ሲሄድ ስለሚቀል ትንሽ ጨምሪ።

ሎግቡኩን እንዳትረሺ። ማስረጃ የሌለው ጥልቂያ እንዳልተጠለቀ ነው የሚቆጠረው። ሪዕኑኑ ሲያልቅም ማድሪኩ እንዲፈርምልሽ ጠይቂ።

ቢቱዋሁን በተመለከተ፣ የኩፓት ሆሊም አባልነት የመጥለቅ ቢቱዋህ አይደለም። ለአጭር ጊዜም ለዓመትም የሚሆን አለ፤ ክለቡ ራሱ ይሸጥልሻል። ከውጭ የተገዛ ካለሽ መጥለቅ የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉንና እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን አንብቢ።

ሁለተኛው ሬጉሌተር

ዘኤላት ያልነካውን ልጨምር። ከሪዕኑን በኋላ ያለ ማድሪክ መግባት የምትችዪው ካርድ ካለው ጓደኛ ጋር ነው። የእህትሽ ልጅም የአጎትሽ ልጅም ጓደኛ ሊሆኑሽ አይችሉም። ኦፕን ወተር ካርድ ሰው ይዞ የመውረድ ፈቃድ አይደለም፤ እሱ የማድሪክ ሥራ ነው። «ቤተሰብ ነን፣ ጥልቀት የለውም» የሚለው ክርክር ባንኮኒው ላይ አይሰማም፤ ደግሞም አለመሰማቱ ልክ ነው። እስትንፋሱን ይዞ ወደ ላይ የሮጠ ጀማሪ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ከላይኛው ውኃ አጠገብ ያለው የግፊት ለውጥ ነው ትልቁ፦ ከ10 ሜትር ወደ ላይ ስትወጪ አየሩ እጥፍ ይሆናል፤ ከ30 ወደ 20 ስትወጪ ግን ሲሶ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ለሁለቱ የሚሆናቸው ጽሊላት ሄኬሩት (የመተዋወቂያ ጥልቂያ) ነው። ካርድ አይጠይቅም፤ ማድሪኩ ጠርሙሱን ይዞ ይመራቸዋል፣ ጥልቀቱም ጥቂት ሜትር ነው። ለልጁ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። አንቺ አክስቱ ስለሆንሽ እናቱ ወይም አባቱ ከመነሳታችሁ በፊት ቅጹን ይፈርሙ፤ ኤላት ደርሶ በስልክ ማስፈቀድ ቀኑን ያበላሻል።

ልጁ ወዶት ኮርስ ልግባ ካለ፣ በፓዲ ሥርዓት ከ10 ዓመት ጀምሮ የታዳጊ ካርድ አለ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ካርድ ካለው አዋቂ ጋር እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። ለኮርሱ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት፣ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ እና 4 የባሕር ጥልቂያ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አያልቅም።

አስሙን አትደብቁ። የጤና ቅጹ ላይ «አዎ» የሚያመጣ ጥያቄ ካለ ሐኪም ፈርሞ «መጥለቅ ይችላል» ሳይል ማድሪኩ አያስገባውም። ሐኪሙ የትንፋሽ ምርመራ ሊያዝ ስለሚችል ቀጠሮውን ዛሬ ያዙ። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የጠበበ የአየር ቧንቧ ከጀርባው ያለውን አየር ያፍናል፤ ሲወጣ ያ የታፈነ አየር ይሰፋል። «አይ» ብሎ መፈረም ማድሪኩን ማታለል ብቻ አይደለም፤ ቢቱዋሁንም አደጋ ላይ ይጥላል።

አረቫ90

ማንም ስለ አውሮፕላኑ አልተናገረም እንጂ ከሁሉ የሚያሳስበው እሱ ነው፦ ከጥልቂያ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጋዝ ከፍታ ላይ ሲወጣ አረፋ ሊሆን ይችላል። የተለመደው መመሪያ ለአንድ ቀላል ጥልቂያ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀን ጥልቂያ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። የአጎትሽ ልጅ እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከውኃ ቢወጣ ሌሊት 5፡50 ሲነሳ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ቁጥሩን ያልፋል፣ ግን ለጥቂት። በዚያ ላይ መድረሻው አዲስ አበባ ነው፦ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ማለትም የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከሚወርድበት የመጨረሻ ደረጃ ብዙ አይርቅም። ወደ ዝቅተኛ አገር የሚበር መንገደኛ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል፤ እሱ ግን እዚያው ከፍታ ላይ ይቀራል። የእሱን ጥልቂያ ወደ ዓርብ ውሰዱት። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ መጥቶ ወዲያው መጥለቅ ችግር የለውም።

መኪናውም ይቆጠራል። በሚጽጴ ራሞን በኩል ከ800 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ በአረቫው በ90 መንገድ ያለው ከፍታ ዝቅ ይላል። ኤላት አጠገብ ካለው ከራሞን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤን ጉሪዮን መብረርም መብረር ነው፣ «አገር ውስጥ ነው» አይባልም።

ዘአሽዶድ

እግዜር ይስጥልኝ። የእነሱን ወደ ዓርብ አዞርኩት። አንድ ልጨምር፦ ከሪዕኑን በኋላ የሰመጠችውን መርከብ ሳቲልን ማየት እችላለሁ?

ዘኤላት

የኦፕን ወተር ገደብ 18 ሜትር ነው፤ የሳቲል የታችኛው ክፍል ደግሞ ከ20 ያልፋል። ላይኛውን ከማድሪክ ጋር ማየት ይቻል እንደሆነ ክለቡን ጠይቂ፤ ውስጧ ግን አትግቢ።

አየርሽንም አስቢ። ባለ 12 ሊትር ጠርሙስ በ200 ባር (የግፊት መለኪያ) 2,400 ሊትር ይይዛል። 50 ባር መጠባበቂያ ስትተዪ 1,800 ይቀርሻል። ላይ ሆነሽ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሺ ከሆነ 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 እጥፍ ስለሆነ 56 ይሆናል፤ ስለዚህ 32 ደቂቃ፣ መውጫውንም ጨምሮ። ለዓመት ያልጠለቀ ሰው ደግሞ ከ20 በላይ ነው የሚተነፍሰው። 100 ባር ሲደርስ ተመለሺ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሚ። ከወጣሽ በኋላ መገጣጠሚያሽን ካመመሽ፣ ከደነዘዘሽ ወይም ከወትሮው ውጪ ከደከመሽ «ትንሽ ልተኛ» አትበዪ፤ ለአምቡላንስ 101 ደውዪ፣ ጠልቄ ነበር ብለሽም ንገሪያቸው።